ሬሖቭ ኤትዮፒያ፦ አንዲት መንገድ እንዴት እንደ ተጀመረች

ለጉዳይ ወደ ኢየሩሳሌም መሃል ከተማ ስትሄዱ በሐነቪኢም መንገድ፣ በነቢያት መንገድ ማለት ነው፣ ያለፋችሁ ትኖራላችሁ። ከእሱ ላይ ወደ ሜአ ሼዓሪም አቅጣጫ የምትገነጠል አንዲት ጠባብ መንገድ አለች። ግራና ቀኟ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ነው። ከአጥሩ በላይ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ከዛፉም በላይ የአንድ ክብ ሕንፃ ጉልላት ይታያል። ሰሌዳዋ ላይ «ሬሖቭ ኤትዮፒያ» ተብሎ ተጽፏል። ቀድሞ ደግሞ «ሬሖቭ ሀሐባሺም» ትባል ነበር፤ የሐበሾች መንገድ።

ይህን ሰሌዳ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ማዘጋጃ ቤቱ እኛን ለማክበር ያወጣው ስም ነው» ይላል። አይደለም። ስሙ ከሙሴ ዘመቻም ከሰሎሞን ዘመቻም በፊት የነበረ ነው፤ እንዲያውም ከእስራኤል መንግሥት በፊት። መንገዷ በሐበሾች ስም የተጠራችው መሬቱን በገንዘባቸው ገዝተው፣ ድንጋዩን አስጠርበው የሠሩት ሐበሾች ስለነበሩ ነው። ለምን ገዙ? ለምንስ ከግንቡ ውጭ? ታሪኩ ረጅም ነው፤ ግን ዛሬ በእጃችን ካለው የቤት ወረቀት ጋር ስለሚገናኝ ታግሣችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በሁለት አጥር መካከል

እስከ 1860 ድረስ ኢየሩሳሌም ማለት በግንብ የተከበበችው ከተማ ብቻ ነበረች። ሲመሽ በሮቿ ይዘጋሉ፤ ውጭው ድንጋይና የወይራ ዛፍ ነው፣ በሌሊት ደፍሮ የሚያድርበትም የለም። በ1860 ሞንቴፊዮሪ ሚሽከኖት ሻአናኒምን ከግንቡ ውጭ አሠራ። ከዚያ በ1869 ናሐላት ሺቭዓ፣ በ1874 ደግሞ ሜአ ሼዓሪም ተከተሉ። ፈረንጆቹም አልተኙም፤ ሆስፒታሉን፣ ቆንስላውን፣ ትምህርት ቤቱን በነቢያት መንገድ ግራና ቀኝ ደረደሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛሬ አዲስ ሰፈር ሲሠራ መጀመሪያ ፕላን ይወጣል፣ መንገድ ይቀየሳል፣ ከዚያ ቤት ይቆማል። ያኔ ተገላቢጦሽ ነበር። አንዱ መሬት ይገዛል፣ ያጥራል፣ ቤት ይሠራል። ጎረቤቱም እንዲሁ። በሁለቱ አጥር መካከል ለሰውና ለአህያ የቀረችው ክፍተት መንገድ ሆና ትቀራለች። ሬሖቭ ኤትዮፒያ ለምን እንዲህ እንደ ጠበበች፣ ለምን በአጥር እንደ ታፈነች የሚገባችሁ ይሄኔ ነው። ስሙንም የሚያወጣው ሕዝቡ ነው፤ «የት ትሄዳለህ?» ሲባል «ሐበሾቹ ጋ» ይላል፣ በቃ፣ ስም ሆነ። ለመንገዶች ይፋዊ ስም በሥርዓት መስጠት የተጀመረው እንግሊዞች በ1917 ከተማዋን ከያዙ በኋላ ነው።

መሬት የሚመዘገበው ግን በመንግሥት ነበር። አገሩን የሚገዛው የኦቶማን ቱርክ መንግሥት በ1858 የመሬት ሕግ አወጣ። በ1867 ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች መሬት ገዝተው በስማቸው እንዲያስመዘግቡ ፈቀደ። ለባለ መሬቱ የሚሰጠው ወረቀት በቱርክኛ «ታፑ» ይባላል። አዎ፣ ቤት ስትገዙ ጠበቃው አሥር ጊዜ የሚጠራው «ታቡ» ያው እሱ ነው። ቱርክ ሄደ፣ እንግሊዝ መጣ፣ እንግሊዝም ሄደ፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ጣሪያው ላይ

ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በኢየሩሳሌም የኖሩት ከግንቡ ውጭ ቤት መሥራት ከመጀመሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ቦታቸው በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ክርስቲያኖች የኢየሱስ መቃብር የሚሉት ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ነበር። ዛሬም ያሉት እዚያው ነው፤ ግን ውስጡ ሳይሆን ጣሪያው ላይ። ዴር ሡልጣን ይባላል። በጣሪያው ላይ ትንንሽ የጭቃ ጎጆ የመሰሉ ክፍሎች አሏቸው፤ የገጠር መንደር ተነቅሎ ሰገነት ላይ የተቀመጠ ይመስላል።

እንዴት ጣሪያ ላይ ቀሩ? በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድርሻ ለመያዝ ገንዘብና ኃይለኛ መንግሥት ያስፈልግ ነበር። ግሪኩም አርመኑም ላቲኑም ከኋላው የሚቆምለት ነበረው። የኢትዮጵያ መነኮሳት ድሆች ነበሩ፣ ንጉሣቸውም ሩቅ። ከዚያ በላይ የጎዳቸው ግን በ1838 የደረሰው ነው። በዚያ ዓመት ቸነፈር ገባ፤ ከመነኮሳቱ በሕይወት የተረፉት በጣም ጥቂት ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ ሲናገሩ፣ የገዳሙ መጻሕፍትና ሰነዶች በሽታ ያስተላልፋሉ በሚል ሰበብ በእሳት ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ የዴር ሡልጣን ቁልፍ በግብጽ ኮፕቶች እጅ ገባ። ኮፕቶች በበኩላቸው ቦታው ከጥንትም የእኛ ነው፣ ኢትዮጵያውያኑ በእንግድነት ያስጠጋናቸው ናቸው ይላሉ።

የትኛው ወገን እውነት እንደያዘ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የሚያሳዝነው ግን ይሄ ነው፦ አንዱ «የእኔ ነው» ሲል ሌላውም «የእኔ ነው» ሲል ዳኛ የሚጠይቀው ወረቀት ነው። ወረቀቱ አመድ ሆኗል። የኢየሩሳሌም የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ጄምስ ፊንም፣ ቀድሞ በጎንደር በኩል ሚሲዮናዊ ሆኖ አማርኛ የሚያውቀው ጳጳሱ ሳሙኤል ጎባትም ለኢትዮጵያውያኑ ለመቆም ሞክረው ነበር፤ ነገሩ አልተፈታም።

ጭራሽ በ1852 የቱርክ ሡልጣን «በቅዱሳን ቦታዎች ሁሉም ነገር አሁን ባለበት ይርጋ» የሚል ትእዛዝ አወጣ። ዛሬ ስታቱስ ኮ የሚሉት እሱ ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ ድንጋይ ጠግኖ መመለስ እንኳ የባለቤትነት ጥያቄ ነው፤ የጠገነ ሰው ነገ «የእኔ ስለሆነ ነው የጠገንኩት» ይላልና። ስለዚህ ጎጆዎቹ ዝናብ ያስገቡም፣ ግድግዳው ይሰንጠቅም፣ ማን ይጠግን የሚለው እስኪወሰን ይጠበቃል።

ክርክሩ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። አሮጌው ከተማ በዮርዳኖስ እጅ ሳለ፣ በ1961 የዮርዳኖስ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ፈረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ውሳኔውን አገደው። በ1970 በትንሣኤ ሌሊት፣ ኮፕቶቹ ለጸሎት ወደ ውስጥ በገቡበት ሰዓት የበሮቹ ቁልፍ ተቀየረና ለኢትዮጵያውያኑ ተሰጠ። ኮፕቶች ከሰሱ፤ በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለኮፕቶች ይመለስ አለ፣ ግን መንግሥት ነገሩን መርምሮ እንዲወስን ጊዜ ሰጠው። መንግሥትም እስካሁን እየመረመረ ነው። ቁልፉ በኢትዮጵያውያኑ እጅ ነው፣ ክርክሩም አላለቀም።

አጼ ዮሐንስ መሬት ሲገዙ

አሁን ወደ መንገዳችን እንመለስ። ከ1838 በኋላ የመጡት መነኮሳትና ነገሥታት አንድ ነገር ገባቸው፤ በግንቡ ውስጥ ሲለምኑ ከመኖር ይልቅ ማንም የማይከራከራቸውን መሬት መግዛት ይሻላል። ግንቡ ውጭ መሬት ይሸጣል፤ ሕጉም ይፈቅዳል።

አጼ ዮሐንስ 4ኛ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራዕ የግብጽን ጦር ድል ያደረጉ ንጉሥ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ በኢየሩሳሌም የሚከራከሯቸው የግብጽ ኮፕቶች ናቸው፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ዘመን ጳጳሷን የምትቀበለው ከዚያው ከግብጽ ነው። ነገሩ ውስብስብ ነበር። ዮሐንስ ገንዘብ ላኩ፣ ከነቢያት መንገድ በስተ ሰሜን ያለው ቦታ ተገዛ፣ በ1880ዎቹም ግንባታ ተጀመረ። ስሙ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ተባለ።

ዮሐንስ የሥራውን ፍጻሜ አላዩም። በመጋቢት 1889 መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። መተማን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ሱዳን በእግር ስትሻገሩ በዚያ በኩል ያለፋችሁ አላችሁ። ሥራውን አጼ ምኒልክ አስቀጠሉት፤ በ1893 ተፈጸመ።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ እንደ ጎንደርና እንደ ጎጃም የገጠር ቤተ ክርስቲያን። ድንጋዩ የኢየሩሳሌም፣ ቅርጹ የሀገር ቤት። በአጥር ግቢው በር ላይ አንበሳ ተቀርጿል። በግቢው ውስጥ ዙሪያውን የመነኮሳትና የመነኮሳይያት መኖሪያ አለ፤ ልብስ የተሰጣባት ገመድ፣ የውሃ ጣሳ፣ የአበባ ማሰሮ።

ግን ንጉሦቹና ባለሟሎቻቸው ያሰቡት ስለ ጸሎት ብቻ አልነበረም። መነኩሴም ይበላል። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ የሚከራዩ ቤቶች ተሠሩ፣ ተገዙም። ኪራዩ ለገዳሙ መተዳደሪያ እንዲሆን። መንገዷ የመኖሪያ መንገድ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቤቶቹ የተሠሩት ባለቤቱ እንዲኖርባቸው ሳይሆን ተከራይ ገብቶባቸው በኪራዩ ሌላው እንዲኖር ነው። ዛሬም ገዳሙ ከኪራይ ገቢ ያገኛል።

መሳፍንቱም በየስማቸው ጨመሩ። እቴጌ ጣይቱ በዛሬው ሔሌኒ ሀማልካ መንገድ ላይ ያለውን ትልቅ ቤት አሠሩ። ይህ ቤት በኋላ ለራዲዮ ተከራየ፤ መጀመሪያ የእንግሊዞቹ የፍልስጤም ራዲዮ፣ ከዚያም ቆል ይስራኤል ለብዙ ዓመታት ሠሩበት። በአገሩ ሁሉ የሚሰማው ዜና በአንዲት ሐበሻ እቴጌ ቤት ውስጥ ይነበብ ነበር ማለት ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ደግሞ በ1920ዎቹ በነቢያት መንገድ ላይ ራሱን የቻለ ሕንፃ አሠሩ፤ የኢትዮጵያ ቆንስላ የነበረው እሱ ነው። በግንባሩ ላይ ከትንንሽ ቀለማም ድንጋይ የተሠራ አንበሳና የግዕዝ ጽሑፍ አለ። ቀና ብላችሁ ካላያችሁ ያልፋችኋል።

ተከራዮቹ

ታዲያ በዚህች መንገድ ማን ተከራየ? ስሙን ሁላችሁም የምታውቁት ሰው፦ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ። በየከተማው በስሙ መንገድ አለ። በ1881 ወደ ኢየሩሳሌም የመጣ፣ የዕብራይስጥን ቋንቋ ከመጽሐፍ አውጥቶ ወደ ማእድ ቤት ያስገባ ሰው ነው። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ በቁጥር 11 ነበር። ታላቁን መዝገበ ቃላቱን የሠራው በዚያ ነው። ልጆቹን ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ አላስለምድም ብሎ ስንቱን ጣጣ አየ! ኡልፓን ገብታችሁ ራሳችሁን ያዞረው ቋንቋ ለእሱም እንግዳ ነበር፤ የጎደለውን ቃል ራሱ ይፈጥራል። «ሚሎን» የእሱ ቃል ነው። ልጆች የሚጮሁለት «ግሊዳ»ም የእሱ ነው፣ «ቡባ»ም እንዲሁ። ከአጥሩ ወዲህ ሰውየው ዕብራይስጥን ሲያድስ፣ ከአጥሩ ወዲያ በግዕዝ ይዘመር ነበር። ሁለቱም ለረጅም ዘመን በአፍ የማይነገሩ፣ በጸሎትና በመጽሐፍ የኖሩ ቋንቋዎች ናቸው። አንደኛው ወደ ገበያ ወጣ፤ ሌላው እዚያው ቀረ።

ሥራው ያልተዋጠላቸው ነበሩ። ዕብራይስጥ የተቀደሰ ነው፣ ለገበያ አይውልም የሚሉ ሃይማኖተኞች በሕይወቱ ሳለ ተቃውመውታል። ከሞተ በኋላም በቤቱ ላይ የተለጠፈው የመታሰቢያ ሰሌዳ ከአንድ ጊዜ በላይ ተነቅሎ ተወስዷል።

በ1906 ደግሞ ቦሪስ ሻትዝ የቤጻልኤልን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ የጀመረው በዚሁ መንገድ ላይ በተከራየው ቤት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሰፊ ቦታ ተዛወረ። ከመንገዷ ጫፍ፣ በብኔ ብሪት መንገድ፣ በ1892 የተመሠረተው ቤተ መጻሕፍት ቤት ነበረ፤ የዛሬው የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሥሩ እሱ ነው። በጥቂት እርምጃ ውስጥ ይህን ሁሉ ታገኛላችሁ።

ከዚያ 1948 መጣ። ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች። ዴር ሡልጣን ወደ ዮርዳኖስ፣ ደብረ ገነት ወደ እስራኤል ወገን ወደቀ። የአንድ ማኅበር መነኮሳት ለ19 ዓመታት በሽቦ አጥር ወዲያና ወዲህ ኖሩ። ሰነድ ያለው መሬት ግን ሰነዱን ይዞ ከረመ፤ የደብረ ገነትን ባለቤትነት እንደ ዴር ሡልጣን ቁልፍ በሌሊት የለወጠው የለም።

«ለእኛስ ምናችን ነው?»

የቤተ እስራኤል ሽማግሌ ይህን አንብበው እንዲህ ቢሉ አይፈረድባቸውም። ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ያሠሩትም ነገሥታት ወገኖቻችንን በደህና አልያዙም። ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አያምርም። በ15ኛው መቶ ዘመን በአጼ ይስሐቅ ጊዜ የወጣ አዋጅ በአፍም በጽሑፍም ይነገራል፤ የተጠመቀ የአባቱን መሬት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስት የለውም የሚል። ርስት ማለት እኮ ያ ነው፤ ከአያት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ማንም የማይነቅላችሁ መሬት። እሱ የሌለው ሰው በሌላው መሬት ላይ ያርሳል፣ ከአዝመራው ለባለ ርስቱ ይከፍላል፣ ሲከፋ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ሸማ ይሸምናል። በጎንደር ዘመን ግንበኛና አናጢ ሆነው ለነገሥታቱ የሠሩ፣ በዚያም መሬት ያገኙ ነበሩ። ለብዙው ሰው ግን መሬት ማለት የሌላ ሰው ነገር ሆኖ ኖረ። ደርግ በ1975 መሬት ለአራሹ ብሎ ባወጀ ጊዜ ነው ይህ የተቀየረው፤ ያም ቢሆን በየቦታው ከጎረቤት ጋር ጠብ አምጥቷል።

ስለዚህ እንዲህ ነበር፦ ነገሥታቱ በኢየሩሳሌም መሬት ሲገዙ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው የሚጸልዩት የቤተ እስራኤል ሰዎች በገዛ አገራቸው መሬት አልነበራቸውም። በ1862 አባ ማሕሪን ተከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር የተነሱት ከትግራይ አላለፉም፤ ብዙዎቹ በረሃብና በበሽታ በመንገድ አለቁ። ደብረ ገነት መሠራት የጀመረው ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች፣ ከጣሪያው ላይ መነኮሳትና ከርስት አልባው ገበሬ፣ ወደ ዛሬ ሳሎናችን ስንመጣ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከካራቫን ወጥተን በ1990ዎቹ በማሽካንታ ቤት የገዛን ብዙ ነን። ለብዙ ቤተሰብ ከትውልድ በትውልድ የመጀመሪያው በራስ ስም የተያዘ ንብረት ያ ቤት ነው። ወረቀቱ ግን የት አለ? አንዳንዱ ጋ በድስት ማስቀመጫ መሳቢያ ውስጥ፣ አንዳንዱ ጋ የትም።

ጥቂት ነገር እንንገራችሁ። የአርኖና ደረሰኝና የመብራት ሂሳብ የቤት ባለቤትነት ማስረጃ አይደሉም፤ ከፋዩን እንጂ ባለቤቱን አያሳዩም። ባለቤቱን የሚያሳየው «ነሳኽ ታቡ» ነው። ከፍትሕ ሚኒስቴር የኢንተርኔት ገጽ በትንሽ ክፍያ ይወጣል፤ ቤቱ በማን ስም እንደሆነ፣ ማሽካንታው እንዳለበት፣ እገዳ ተጥሎበት እንደሆነ ያሳያል። በሺኩን ሰፈሮች ያሉ ብዙ ቤቶች ግን ታቡ ውስጥ አልገቡም፤ የተመዘገቡት በእስራኤል መሬት ባለሥልጣን፣ በሚንሃል፣ ወይም ሰፈሩን በሠራው ኩባንያ ነው። ያኔ የምትጠይቁት «ኢሹር ዝኩዮት» የሚባለውን የመብት ማረጋገጫ ነው። በታቡ የለም ማለት ቤት የለኝም ማለት አይደለም፤ አትደንግጡ።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የስም ነገር ነው። አባት ሲመጡ በአየር ማረፊያ አንድ ስም ተጻፈላቸው፣ በመርከዝ ክሊጣ ሌላ፣ የቤተሰብ ስም ደግሞ የአያት ስም ተደረገ፤ የልደት ቀንም በግምት። የቤቱ ውል ላይ ያለው ስምና ዛሬ በቴውዳት ዘሁት ላይ ያለው ሳይገጥም ይቀራል። ይህ በጊዜ ከተያዘ ቀላል ነው፤ ከሚስራድ ሀፕኒም የቀድሞ ስም የሚያሳይ የምዝገባ ማስረጃ ይወጣል። ሰውየው ካረፉ በኋላ ሲሆን ነው ልጆች የሚንከራተቱት።

ስለ ማረፍ ካነሳን፣ አባት ሞተው ቤቱ በስማቸው የቀረባቸው ብዙ ናቸው። «እናታችን እዚያው ትኖር የለ፣ ምን ቸኮለን» ይባላል። ቤቱ ወደ ወራሾች ስም የሚዞረው ከውርስ መዝጋቢው «ጻቭ የሩሻ» ሲወጣ፣ ኑዛዜም ካለ ኑዛዜውን የሚያጸድቀው ትእዛዝ ሲወጣ ነው። ትእዛዙን መሳቢያ ውስጥ መክተትም አይበቃም፤ ወደ መዝጋቢው ወስዶ ስሙን ማስቀየር ያስፈልጋል። በዓሚዳር ወይም በሌላ የመንግሥት ቤት ለምትኖሩ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ቤት እንደ ንብረት አይወረስም፤ አብሮ የኖረ የቤተሰብ አባል እንዲቀጥል የሚፈቀድበት ሁኔታ አለ፣ ሁኔታውም በሕግ የተወሰነ ነው። ተከራዩ በሕይወት ሳሉ አብሮ የሚኖረው ሰው አድራሻው እዚያው መመዝገቡን አረጋግጡ።

ፒኑይ ቢኑይ የሚባለው፣ አሮጌውን ሕንፃ አፍርሶ አዲስ መሥራት፣ በብዙ ሰፈሮቻችን ገብቷል። ጥሩ ዕድል ሊሆን ይችላል። ሰውየው ፈገግ እያለ፣ አማርኛ የሚችል ወጣት አስከትሎ ደጃችሁ ሲመጣ ግን ቡናውን አጠጡት እንጂ ወረቀቱን በዚያው ቀን አትፈርሙ። «ፍላጎት ለማወቅ ብቻ ነው» የሚባለው ወረቀት እንኳ አንዳንድ ጊዜ ውል ነው። ለነዋሪዎቹ የሚቆም ጠበቃ መኖሩን፣ ጠበቃውም የኩባንያው አለመሆኑን መጀመሪያ ጠይቁ።

ለእነዚህ ጉዳዮች በማዘጋጃ ቤቶች የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ሥር «ሺል» የሚባለው የዜጎች ምክር አገልግሎት በነጻ ይረዳችኋል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ድጋፍ፣ «ሲዩዓ ሚሽፓቲ»፣ ጠበቃ ሊመድብላችሁ ይችላል። ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ አሮጌና የተቀደደም ቢሆን አትጣሉት። የትኛው ወረቀት ምን እንደሚያረጋግጥ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

መንገዷን ማየት ለምትፈልጉ

ኢየሩሳሌም በቀላል ባቡር ከመጣችሁ ዳቪድካ ጣቢያ ውረዱና በነቢያት መንገድ ወደ አሮጌው ከተማ አቅጣጫ ሂዱ፤ ሬሖቭ ኤትዮፒያን በግራ በኩል ታገኟታላችሁ። ሕፃናት ያሏችሁ እጃቸውን ያዙ፤ የእግረኛው መሄጃ ጠባብ ነው፣ መኪናም ይገባል። ወደ ግቢው መግባት የማትፈልጉ በሩ ላይ ያለውን አንበሳ ከውጭ ማየት ትችላላችሁ። የምትገቡ ደግሞ በሥርዓት ልበሱ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ከመነኮሳቱ ብዙዎቹ አማርኛ ይናገራሉ። የቤን ይሁዳ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ሰሌዳውን ካላገኛችሁት ቁጥሩን ፈልጉ፣ 11።